ካቻቢቴ

ዓባይ ማዶ፣ ጎሚስታው ጎን፣ ሚኒባሴን አቁሜ፣
«ሽባባው፣ ስፒከሩ ተቀደደ» አልሁት ቆሜ፤
«ገና ሦስት ወሩ! ያ ሁሉ ገንዘቤ፣ ያ ሁሉ ድካሜ!
ትናንት ሐይቅ ዳር ቤዙን ስለቀው፣ ሲያጓራ፣
ጉማሬ ወጣ ብሎ ረዳቴ ፈራ።
ከዚያ ወዲህ ዝም!»

መልስም አልሰጠኝ፤ ወንበሩ ስር ጠልቆ፣
አምፕሊፋየሩን ካቧራው ፈልቅቆ፣
«ጌይኑን ማን ነካ?»
                    «እኔ ነኝ» አልሁት፣
«ድምፅ መጨመሪያ መስሎኝ እስከ ጥጉ አዞርሁት።»

ሳቀ፣ ካቻቢቴው በጥርሱ እንዳለ፦
«ድምፁማ ከፊትህ፣ ከቴፑ ላይ አለ።
ይኸኛው ጆሮ ነው። ከቴፑ የመጣው
ሹክሹክታ ከመሰለው፣ ጩኸት ነው የሚያወጣው፤
ሞገዱን ካናቱ ቆርጦ ነው የሚሰደው፣
ያ ጉማጅ ነው ገብቶ ስፒከርህን ያነደደው።»

ጌይኑን ዜሮ አድርጎ፣ ቴፑን ከፍቶ በጣም፣
ሦስት እጁን ካራቱ፣ እስከ ጥግ አልመጣም፤
በጸጉር ስንጥቅ ያህል ብሎኗን እያዞረ፣
ዘፈኑ እስኪሻክር አንገቱን ሰበረ፤
ሲሻክር፣ መለስ።
«በቃ። ከዚህ ወዲያ እንዳትነካት፣ ተዋት!»

ድልድዩን ስሻገር ክራሩ ጠራ እንደ ጧት፤
ከሽምብጥ የጫንኋት አሣ ነጋዴዋ
«ቀንሰው» አላለች፣ ዘፈነች ለብቻዋ።

ማታ፣ እናትነሽ በሩን ለእኔ ከፍታ
«አመሸህ» አለችኝ፣ እንደ ሐይቁ ረግታ።
ትናንትም ይህችው ቃል ናት፤ እኔ ግን ጮኽሁባት፣
ጎረቤት እስኪወጣ፣ ሕፃን እስኪነቃባት።

ዛሬ ዝም አልሁ።
እጄን ከጆሮዬ ጀርባ ሰድጄ ዳሰስሁ፣
ብሎኗን ፈለግሁ።
ሳትኖር አልቀረችም፤ ዝጋለች መሰለኝ።
«ምን ሆንህ?» አለችኝ።
                    «ካቻቢቴ አምጪልኝ።»