ግማሽ በግማሽ

በኦሉ ኅዳር ላይ ፀሐይዋ ችኩል ናት፤
ስምንት ተኩል ሲል በረዶው ዋጣት።
ኬርቱ መብራት አበራች፣ ካልሲ ደረበች፤
ከጠዋት ጀምሮ አንድ ደብዳቤ ላይ ነበረች፣
ከኬሚ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው፣ ከሌሊቱ ተረኛ፦
«ማሽናችን አሮጌ ናት፣ ግንድ ቆጣሪ፣ ብቸኛ።
አዲሱን ከርነል ከጫንን ወዲህ
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሆናለች እንዲህ፦
ማራገቢያዋ ይጮኻል፣ ሥራ ግን አትሠራም።
ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ግራ ገባኝ በጣም።»

«ድሮ እንዲህ አልነበረችም» ያለው ቃል
ከደብዳቤው ሁሉ እሱ ይከብዳል።
አዲስ በሽታ ለሐኪሙ ሰበብ ይሰጠዋል፤
ያገረሸ ግን «የት ነበርክ?» ይለዋል።

ጠረጴዛዋ ላይ ያለችውን ማሽን፣ ማደሪያዋን አጥብባ አስራበቻት፤
ሕመሙ በእሷም ሲነሣ አየች፤ ደስ አላት።
ጠራጊው ቦታ ጠበበ ብሎ ገጽ ያወጣል፤
የወጣው ገጽ ወዲያው ይፈለጋል፤
ያስገባል፣ ያወጣል፣ ያስገባል፣ ያወጣል፤
እንግዳ እንደበዛበት ቤት፣ ሌሊቱን በሙሉ
ፍራሽ ሲያጓጉዝ ያድራል፤ የተኛ የለም ከሁሉ።

ደህናው የጥር ነው። ሕመምተኛው የመስከረም።
በመሃል ስምንት ሺህ ለውጥ፤ ሁሉን ማንበብ አይሞከርም።
ከመሃል ትቆርጣለች፣ ታስነሳለች፣ ትጠብቃለች።
ታመመ? ወደ ግራ። ዳነ? ወደ ቀኝ ታልፋለች።
በየግማሹ መሃል የሃያ ደቂቃ ፀጥታ፣
የቧንቧው ጠብታ፣
በመንገዱ በረዶ የሚገፋው መኪና ጉርምርምታ።

በአሥራ ሦስተኛው ቁረጣ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት፣
አንዲት ለውጥ ቀረች። የማን ናት? ስሙን አየች። የራሷ ናት።
«ጽዳት» ይላል ርእሱ፤ «ሥራ የሌላትን መስመር ማንሳት»።

ተነሥታ ብርጭቆ አጠበች፤ የታጠበ ብርጭቆ ነበረ።
ጽዳት እንዲህ ነው፤ እጅ ሥራ ሲፈታ ነው የጀመረ።

መስመሯን የተከላት ቬይኮ ነው፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ እንደ ባላ፣
ምክንያቷን ሳይጽፍላት። ዛሬ በጡረታው ዓሣ ያጠምዳል፣
የሐይቅ በረዶ በስቶ፣ ከኩሳሞ ኋላ።
ሲነጋ ደወለችለት።
«እኔ ነኝ? ይሆናል። ረሳሁት፣ የኔ ልጅ።
ድሃ ማሽን ነበረች መሰለኝ፣ ማደሪያ የጠበባት...
ቆይ፣ ሳበኝ! ኋላ እንጫወት፣ ሂጅ።»

በእኔ ቋንቋ ስሟ ማኅደረ ትውስታ ነው።
ሰውየው ረስቶ፣ መስመሯ ነበረች ድሃዋን የምታስታውሰው።

ኬርቱ መለሰቻት። አንድ «ከሆነ»፣ አንድ ምልክት፤
ከላይዋ ግን ሦስት ዐረፍተ ነገር ጨመረችላት፦
ለማን እንደቆመች፣ ስለ ኬሚዋ አሮጊት ማሽን፣
ማን እንደነቀላትም። ስም ጻፈች፤ የራሷን።

በሦስተኛው ሌሊት ከኬሚ ቃል መጣ፦
«ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ትቆጥራለች፣ ግንድ በግንድ።
ማራገቢያዋ ዝም ብሏል።
እንቅልፌ ነው አሁን የኔ ጣጣ።»