ናሙና ሠ

ሱቄ ቱሉ ዲምቱ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አንድ ምድጃ አለኝ፣ ሁለት ወንበር፣ ሳንቃ።
ስፖንጅ ኬክ ነው ሥራዬ፤ የእንቁላል አረፋ፣
መብራት እልም ሲል ቁጭ ብሎ የሚከፋ።

አንድ ቀን ዱሬቲ፣ የምግብ ሳይንስ ተማሪ፣
ነጭ ካፖርት ለብሳ እንደ መድኃኒት ቀማሪ፣
«እትዬ ዘርፌ፣ ምድጃሽን አውሺኝ» አለችኝ፣
በብልቃጥ የሞላ የአብሽ ዱቄት አሳየችኝ።
ሳቅሁ።
«አብሽ ለጨጓራ፣ አብሽ ለአራስ እናት፤
ኬክ ምን በደለችሽ እንዲህ የምትቀጪያት?»
እሷ ግን በቁጥር፦ «ከመቶ ሁለት፣ አራት፣
ከዚያ ስድስት፣ ስምንት፤ ዱቄቱን ቀንሼላት፣
ቀለሟን፣ ልስላሴዋን፣ የቆይታዋን ዕድሜ
እመዘግባለሁ» አለች። ዝም አልኩ እኔ ቆሜ።

ሰኞ መብራት የለም። ማክሰኞም የለም።
ረቡዕ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ፤
ጋቢ ደርበን ወርደን አርባ እንቁላል መታን።
ምድጃው ሲሞቅ ሽታው ደረጃውን ወጣ፦
የተቃጠለ ስኳር፣ ርጥብ ሣር፣ ከሩቅ ደግሞ
ዝናብ የነካው የአጥር እንጨት።
ምንም ያልገባባት ሀ ከፍ ብላ ተነሳች፣ እብሪተኛ፣ ነጭ።
ሠ ግን ጠቆር ብላ፣ መሃሏ ሰርጎዶ፣
ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ትሪው ላይ ተቀመጠች።

ሐሙስ ጎረቤቱ ለቅምሻ ተጠራ፤
ወረቀት ታደለ፣ ከእስክሪብቶ ጋራ።
«ከአንድ እስከ ዘጠኝ ስጡ፤ በመሃል ውሃ ጠጡ።»
ደላላው ግዛቸው ለሁሉም ዘጠኝ ሰጠ፣
ነፃ ነገር አይታማም ብሎ እየዋጠ።
የአራተኛ ፎቅ ልጆች ሀን ጨርሰው ሄዱ፣
ሠን አሽትተው ብቻ ወደ ቧንቧው ወረዱ።

መጨረሻ ላይ መጡ ጋሽ ወርዶፋ ዘቡ፣
ስኳር አለብዎ ከተባሉ ወዲህ ኬክ ያልቀረቡ።
ጥፍር የምታህል ቆረሱ፤ ከሀ አይደለም፣ ከሠ።
ረጅም አላመጡ። የጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን አበሰ።
«ልጄ፣ ዓይኔ አያነብም፤ አንቺው ጻፊልኝ።»
«ስንት ልበል፣ አባባ?»
«ባለቤቴ በየማለዳው የምትመታልኝ አብሽ
ጉሮሮ ላይ እንዲህ ነበር የሚቆየው።
እሱ ስንት ቁጥር ነው?»

ዱሬቲ ቅጹን አየች፦
ቀለም፣ ሽታ፣ ጣዕም፣ ልስላሴ፣ አጠቃላይ።
ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነበር።
እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቀረ።

በኋላ ሰማሁ፤ መምህሯ ለን መረጡላት፣
ሠን «ከተቀባይነት በታች» ብለው ሰረዙባት።
ትምህርት ነው፤ አልከራከርም። እኔም የምሸጠው ለን ነው፤
ደንበኛ «ምን አለበት?» ሲለኝ
«እንቁላል» እላለሁ።

ዓርብ ዓርብ ግን፣ መብራት ከዋለ፣
አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ከትሪው ጥግ እከታለሁ፤
ስኳሯ በግማሽ፣ አብሿ ስምንት፣ መሃሏ የሰረጎደ።
በሶፍት ሸፍኜ ዘብ ቤቱ ደጃፍ አኖራታለሁ።
ጠዋት ቆርቆሮዋ ታጥባ
መስኮቴ ላይ ተደፍታ አገኛታለሁ።