ሆቴል የለንም

ማክሰኞ ነው፣ ማለዳ፤ ስልኩ ጮኸ፣ አነሳሁ።
"ጀልባ ታከራያላችሁ?" ዋጋውን አወሳሁ፦
ባለ መንታ ቀፎ ናት፣ ነጭ፣ ሰፊ ሸራ፣
ከግራን ቤ ተነሥታ ደሴቶቹ ዘንድ ጎራ፣
ምሳው የዓሣ ጥብስ፣ መነጽር ከነቱቦ፣
ሙሉ ቀን፣ ከነካፒቴኑ፣ ለአንድ ቡድን ታስቦ።

"ከየት ሆቴል እንውሰዳችሁ?" አልኩ፣ እንደ ልማዴ።
ዝም አለች። ቀጥላ ሳቀች፦ "ሆቴል የለንም፣ ዘመዴ።
ከጉድላንድስ ነን፣ ከዚሁ።"
ብዕሬ ቅጹ ላይ ቆመ።

ዘጠኝ ዓመት በዚህ ወንበር ጀርመኖች መዝግቤያለሁ፣
ከሬዩንዮን የመጡ ሙሽሮችን ሸኝቻለሁ፤
ያገሩን ባሕር ሲከራይ ያገሩ ሰው
ሳይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሱሺላ ጎበርዱን ትባላለች።
"አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነን" አለች፤
"ፋብሪካው ሲዘጋ ሲት ጣልን።"
ሲት ማለት እዚህ እቁብ ነው።
"ሰው ለሠርግ ይጥላል፣ ለጣራ ክዳን፤
እኛ ለውሃ ጣልን። አብደዋል አሉን።"

"ዋና የሚችል ስንት ሰው?"
"ናዚማ። እሷም ድሮ፣ ልጅ ሳለች ነው።"
"ማዕበል ከተነሣ ገንዘባችሁ ይመለሳል።"
"አይመለስ! ቀኑ ይዛወር።
ገንዘብ ቤት ከገባ ቀዳዳው ይበዛል።"

ለመቅዘፊያ ጫማ የእግር ቁጥር ላኩ አልኳቸው፤
በነጋታው መጣ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ዝርዝራቸው፤
ከእግራቸው ጋር፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ደረትና ወገብ፣
ዳሌም በሴንቲ ሜትር፣ እስከ ግማሿ፣ በሰፊ ሴት ደንብ።
ሃያ ሁለት ዓመት የዋና ልብስ ሰፍተው
አንዷም ባሕር አልገባችም ለብሳው።

አንዱ ቅዳሜ በነፋስ ማስጠንቀቂያ አለፈ፣ ደረጃ ሦስት።
ሱሺላ ደወለች፦ "እኛ አልፈራንም፤ ጀልባዋ ፈራች ወይ?"

በሚቀጥለው መጡ፣ አበባ ቀሚስና ሳሪ ደርበው፣
ከሥር ግን ያው ልብስ፣ ውድቅ ተብሎ የቀረው፣
ስፌቱ በፀጉር ስፋት ሳተ ተብሎ የተጣለ፣
ማንጠልጠያው ላይ የቀይ ክር ምልክቱ እንዳለ።
እኔም ቢሮዬን ዘግቼ ተሳፈርኩ፣ ከደንብ ውጪ።

ጋብሪየል ደሴት ጀርባ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።
ካፒቴን ሬጂስ ገመድ ዘረጋ፦ "ይህን የያዘ አይሰምጥም።"
ተሰለፉበት፣ እንደ ተሰጣ ልብስ።
ሱሺላ ፊቷን ነከረች፣
በቱቦው ውስጥ ጮኸች፣
ጩኸቱ እንደ ጥሩምባ ወጣ።
"ዚፕ አለው! ዓሣው ሆዱ ላይ ዚፕ አለው!"
"ያኛው ደግሞ አርባ አንድ ቁጥር ክር ነው፣
ያ ያስለቀሰን አረንጓዴ፣
ታጥቦ የማይለቅ የተባለው!"
እግራቸው ሥር ኮራሉ ተደርድሯል፣
ሐምራዊው፣ ቢጫው፣ ማንም ያልቆረጠው።
ናዚማ ገመዱን ለቀቀች፤
ራቅ ብላ፣ በጀርባዋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተንሳፈፈች።
ያየችውን ለማንም አላወራች።

ስንመለስ ሌላ ጀልባ ዘፈኑን ከፍቶ በአጠገባችን አለፈ።
ዣኒን ብድግ አለች፣ ጣቷን ወደ አንዲት ፈረንጅ ቀስራ፦
"ያ ስፌት የኔ ነው!
ትከሻው ላይ ሁለቴ የምመልሰው፣
አለቃ የተቆጣኝ፣ ክር ታባክኛለሽ ብሎ።"
አሥራ ዘጠኙም እጃቸውን አውለበለቡ።
ሴትዮዋ ደስ አላት፣ መልሳ አውለበለበች፤
ጀርባዋ ላይ ማን እንዳለ ምን አወቀች።

ማታ ሒሳቡን ዘጋሁ።
ቅጹ "ሆቴል" ይላል። ባዶውን ልተወው ብዬ
መልሼ "ጉድላንድስ" ጻፍኩበት።
ዕቃ ስቆጥር አንድ መቅዘፊያ ጫማ ጎደለ፤
የግራ እግር፣ ቁጥር ሠላሳ ሰባት።
ማንንም አላስከፈልኩም።
ምናልባት ለባሕሩ ልኩ ነው።