ማጽደቅ

ጉንቮር ደወለችልኝ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፤
«ጨርሰናል» አለች፣ «ና ፈርምና ሂድ።»

ከቬርምላንድ ጫካ፣ ከሐይቁ ወዲህ ዳር
ቤቷ ለብቻው ነው፤ ቀይ ግድግዳ፣ ነጭ በር።
ጥቅምት ነው፤ ውርጭ ነው፤ ሣሩ ከጫማዬ
እየተሰበረ ደረስኩ ከነዕቃዬ፦
ውሃ ልክ፣ ባትሪ፣ ሜትር፣ የቀለም ከረጢት፣
የማዘጋጃ ቤቱ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት።

ምንም የሚታይ የለ።
ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ አፈር ተደልድሏል፣
ሁለት የአየር ቱቦ ቆብ ደፍቶ ተተክሏል፣
የሣር ዘር ሳይቀር ከላይ ተበትኗል።
ቶርቢየርን ቆሟል፣ እጁን በኪስ ከትቶ፣
ከመቆፈሪያው ጎን፣ እንደ ሙሽራ ኮርቶ።

«ሳላይ አልፈርምም» አልኩት።
«ሃያ ዓመት ስቆፍር» አለ፣ «ማን ጠይቆኝ ያውቃል?
ዝናብ ሳይጥል ልክደነው ብዬ ነው፤ ይበቃል።»

ጉንቮር ዝም ብላለች። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ።
የባሏን ጃኬት ለብሳ፣ ሰፍቷታል ከአንገቷ።
ሲክስተን ነው የቆፈረ አሮጌውን ጉድጓድ፣
አንድ በጋ ሙሉ፣ በዶማ፣ በገዛ ክንድ።
ሦስት ክፍል ሲሚንቶ፤ ሃምሳ ዓመት አገለገለ፣
አልሸተተ፣ አልሞላ፤ ማንም ክፉ አላለ።
ለካስ ከሥሩ ተሰንጥቋል፤
የቤቱን ገበና ለሐይቁ ሲያወራ ኖሯል።
ነሐሴ በመጣ ቁጥር ውሃው አረንጓዴ ሲለብስ
ልጆች ከመዝለያው ጫፍ ቁጭ ይላሉ፣ እግር ሳይርስ።

ያኔ ዞር አለች፦ «ቶርቢየርን፣ ክፈተው።
የኔ ነው ገንዘቡ፤ ገበናዬም የኔው ነው።»

ተንበረከክኩና ጭቃው ውስጥ ወርጄ
ውሃ ልኩን አጋደምኩት በቱቦው ላይ፣ በእጄ።
አረፋዋ፣ የምስር ፍሬ የምታህል፣ ቢጫው ውስጥ የምትዋኝ፣
ቀስ እያለች ሄዳ፣ ከታንከሩ ወገን ቆማ፣ ትክ ብላ አየችኝ።
ሁለት ጣት ብቻ ነው ወደ ቤት ያጋደለ፤
ውሃ ዘንድ ይሉኝታ፣ ውሃ ዘንድ «ግዴለም» የለ።
ቶርቢየርን አየና ጆሮው ቀላ፤
ምንም አልተናገረ ከዚያ በኋላ።

ዓርብ ተመለስኩ። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ፤
የታጠበ ጠጠር፣ የተነጠፈ ጨርቅ፣
ከመጠጥ ጉድጓዷ ሠላሳ ሜትር ሩቅ።
ቀለሙን ከታንከሩ መውጫ ጨመርን፤ ጉንቮር ቤት ውስጥ ቧንቧ ከፈተች፤
ከማከፋፈያው ሳጥን ላይ አጎነበስን፤
አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፤ ወፍ እንኳ ትንፍሽ አላለች።
ከዚያ አረንጓዴው መጣ፣ ቀጭን፣ ሳይቸኩል፣
ለሁለቱ ቱቦ ተካፈለ እኩል ለእኩል።

የአሮጌው ጉድጓድ ክዳን ጥዱ ሥር ተጋድሟል፤
ስሙን በምስማር ጭሮ ሲክስተን ጽፎበታል።
«ተሰባብሮ ይቀበር» ይላል የእኔ መመሪያ፤
«ይሁን የደጃፌ መርገጫ» አለች፣ «ለእግር ማሳረፊያ።»
ቅጹን አገላበጥኩ፤ ለዚህ የሚሆን ረድፍ የለም።
አላየሁም።
አልጻፍኩም።

መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከፊርማዬ በላይ፣ የምትሞላ አንዲት ቃል ናት፤
እጄ በስዊድንኛ ጻፈ፤ ልቤ በእናቴ ቋንቋ አሰባት።
ችግኝ ሥር ሲሰድ ጸደቀ እንላለን፤
ነፍስ ሚዛን ስትደፋ፣ ጸደቀች፤
ሸንጎ እጅ ያወጣለት ሕግም ያው ጸደቀ ነው።
ይኸው ዛሬ ደግሞ፣ በሦስቱም ትርጉም ሳይሆን አይቀርም፣
የጉንቮር ሽንት ቤት ጸደቀ።

«አለቀ?» «አለቀ።»
«በል እንግዲህ ግባና መርቀው፤ ከአንተ የሚቀድም የለም።»
ሦስት ሰዓት ብርድ ላይ ቆሜያለሁ፤ አላቅማማሁም።

ውሃው ወረደ፣ ከወለሉ በታች፣ ከግድግዳው በታች፣
በተቃናችው ሁለት ጣት በኩል ቁልቁል፤
እስኪርቅ ድረስ በጆሮዬ ተከተልኩት።
ሐይቁ በትንሿ መስኮት ይታያል።
ምንም አልሰማም።