የጠራ ምስል

ኦታሩ ወደብ ላይ፣ ከሾርባ ቤት በላይ፣
መስኮቷ በዓሣ ጭስ ጠቁሮ ባሕር የማያሳይ፣
በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው እንጀራዬ፤
ፊልም እጨምቃለሁ፤ ይኸው ነው ሥራዬ።
ተራራ የሚያህል ምስል አጣጥፌ፣
ከመልኩም ከጥላውም ጥቂት ጥቂት ገፍፌ፣
አንድ ዲስክ ላይ አራት ፊልም አሳድራለሁ፤
የማይገባውንም እንዲገባ አደርጋለሁ።

አለቃዬ ሙራኮሺ ሲበዛ ቆጣቢ ነው፤
«ዓይን ይለምዳል» ይላል፣ «ማን ሊያይ ነው? ተወው!»
ጥቁር ሰማይ እንደ ደረጃ ሲሸነሸን፣
የሰው ጉንጭ እንደ ሰም ቀልጦ ሲለሰን፣
«ዋጋው ስንት ነው?» ነው ጥያቄው ሁልጊዜ፤
እኔም ለመድሁለት፣ ያለምንም ትካዜ።

በጥር አንድ ፊልም መጣ፣ ቀለም አልባ፣ ያረጀ፣
ስልሳ ዓመት ቆርቆሮ ውስጥ የፈጀ።
አንዲት ሴት ቆማለች ከወደቡ ጫፍ፣
ጀልባ ትጠብቃለች፣ ዓይኗ ሳያርፍ።
በረዶ ይወርዳል፣ እንደ ላባ።
ሰባት ደቂቃ ሙሉ ማንም አይናገርም፤
በረዶ ይወርዳል።

ለጨማቂ ከበረዶ የባሰ ጠላት የለም፤
እያንዳንዷ ቅንጣት ራሷን የቻለች ዓለም፤
አንዷ ሌላዋን አትመስል፣ ተራ አትጠብቅ፣
በቁና የሰፈርሁት ዳታ አይበቃ፣ አይዘልቅ።
ሰማዩ ካሬ ካሬ ሆኖ ተሰባበረ፣
የሴትየዋ ፊት እንደ ሞዛይክ ተደረደረ።

ታዲያ አንድ ቁልፍ አለ፣ «ጉድፍ አጽዳ» የሚል፣
አቧራ ከጭረት፣ ጭረት ከፀጉር ለይቶ የሚነቅል።
ተጫንሁት። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ሥራውን ጨረሰ፤
በረዶውን ሁሉ፣ ጉድፍ ነው ብሎ፣ አበሰ።

ሴትየዋ ቆማለች በጠራ ሰማይ ሥር፣
ትከሻዋን ሰብስባ፣ ሳይነካት አንዳች ነገር።
የሌለ ነገር ከሽፋሽፍቷ ላይ ትጠርጋለች፣
ከማይወርድ በረዶ ሻሿን ታራግፋለች።
ሙራኮሺ አየና ፊቱ በደስታ ፈካ፤
«አቤት ሲጠራ!» አለ፤ ትከሻዬን ነካ።
ምስሉስ እውነት ጠራ፤ ማንን እንደ ጠራ
ያወቅነው ቆይቶ ነው፣ ደረጃው ሲንኳኳ በከዘራ።

ቶኩጂሮ ይባላሉ፤ ሰማንያን አልፈዋል፣
ዲስኩን ከነደረሰኙ በፌስታል ይዘዋል።
«ዕቃ ልመልስ አይደለም» አሉን፣ «አትስጉብኝ፤
አንዲት ጠብታ ጠፍታብኛለች፤ እሷን ፈልጉልኝ።

ልጅ ነበርሁ ያን ጊዜ፣ የካሜራ ረዳት፤
ሥራዬ ሌንስ መጥረግ፣ ማታም ሆነ ጠዋት።
በረዶ ስንጠብቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን አለፈ፣
በሃያኛው መጣ፤ ሰማዩ ተራገፈ።
በብርዱ ብዛት ጣቶቼ ሲደነዝዙ
አንዲት ቅንጣት ቀለጠች፣ ሌንሱ ላይ፣ ከጠርዙ።
ሳልጠርጋት ካሜራው ዞረ፤ እሷም እዚያው ኖረች፣
ሰባት ደቂቃ ከሴትየዋ ጎን አብራ ጠበቀች።
ዳይሬክተሩ ሰደበኝ፤ ደመወዜም ተቀነሰ፣
ስሜም ከፊልሙ ማብቂያ ዝርዝር አልደረሰ።
ዐሥር ዓመት አፈርሁባት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ኮራሁ፤
ፊርማዬ እሷ ናት፤ ሌላ ምን ጻፍሁ? ምን ሠራሁ?»

ሙራኮሺ ወደ ውስጥ ገባ፣ ስልክ የጠራው መስሎ።
ሦስት ሺህ ቅጂ ወጥቷል፤ ማን ይሰበስባል ተከትሎ?
እኔ ግን ያን ሌሊት ሦስቱን ፊልም አስወጣሁ፣
ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለበረዶው ሰጠሁ።
ቁልፉን አልነካሁም። ጭረቱም ፀጉሩም ይኑር፤
ጉድፍ የፈራ እጅ ስንቱን ቀበረ፣ ሳይቆፍር።

ይዤላቸው ሄድሁ። ቤታቸው ከሐዲዱ ማዶ፣
በሩ ላይ እስከ ጉልበት ተከምሯል በረዶ።
ቴሌቪዥኑም በገዛ ፈቃዱ ምስል ያለሰልሳል፤
ያንን አጠፋሁበት። ስንቱ ቁልፍ ያስለቅሳል!
በረዶው ወረደ፣ እያንዳንዱ በመልኩ፤
ሴትየዋም ጠረገች፤ ጥርጊያዋም ሆነ በልኩ።
በስተቀኝ፣ ከጠርዙ፣ ብርሃን የሰበረች
አንዲት ክብ ጭጋግ፣ እንባ የምታህል፣ ታየች።

ቶኩጂሮ ተነሡ፤ ከዘራቸውን ጥለው፣
እጅጌያቸውን እስከ መዳፍ ስበው፣ ጠቅልለው፣
መስታወቱን ጠረጉ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።
ከስልሳ ዓመት በኋላ።

አልለቀቀችም።