ጎዶሎ ጣሳ

ፍልሰታ ሲገባ ሱቄን ዘጋግቼ፣
ሞጣን በጭጋጓ ወደ ኋላ ትቼ፣
ሽምብራ በጨርቄ አንድ እፍኝ ቋጥሬ፣
ሱባኤ ገባሁኝ ከሰው ተሰውሬ።
ጎጆዋ ጠባብ ናት፣ ክዳኗ የሳሳ፣
ከቤት የያዝኩትም ይህችው አንዲት ጣሳ፣
ጸበል ልቅዳ ብዬ ከመደብ ያነሣኋት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጤፍ የሰፈርኩባት።

የመጀመሪያው ሌት ጸሎቴ ሲላላ፣
ልቤ ገበያ ወርዶ ዱቤውን ሲያሰላ፣
የአንሙት ሁለት መቶ፣ የይታይሽ ሠላሳ፣
«አቤቱ» ልል ብዬ አመለጠኝ «ስንት ጣሳ?»
ሁለተኛው ሌሊት እንቅልፍ ደበቀኝ፣
በሦስተኛው ዝናብ ከሕልሜ ነጠቀኝ።

ክዳኑ ያፈሳል። ጣሳዬን አኖርኩኝ
ከጠብታው በታች። ጠብ ስትል ቆጠርኩኝ።
ሰማንያ ሳልደርስ ውኃው ተረፋት፤
ይህችን የምታህል በምን አጠገባት?

እኔው አውቅ የለም ወይ፣ ማን ሊነግረኝ ኖሯል?
ቂጧ ወደ ሆዷ ሁለት ጣት ገብቷል።
በባሌ ሙት ዓመት፣ በዕዳ በተያዝኩ፣
በመዶሻ ጀርባ እኔው ነኝ የደቆስኩ፣
ከየጣሳው እፍኝ ለእኔ እንዲቀር ብዬ፣
«ለልጆች ነው» እያልኩ ራሴን አባብዬ።
ልጆቹም አደጉ፣ ዕዳውም አለቀና፣
ስርጉዱ ግን ቀረ፣ ልማድ ሆኖ ጸና።

በጨለማው እጄን ወደ ውስጧ ሰድጄ ዳሰስኳት።
ውጭዋን ላየ ሰው ሙሉ ትመስላለች፤
ከውስጥ ግን ጉልበቷን ከሆዷ አጣብቃለች፣
ልክ እንደኔ፣ በዚያች እግር በማታዘረጋ ጎጆ
ኩርምት ብላ።
እሑድ አስቀድሼ ቶሎ የምጠግበው
ጸጋ በዝቶ አይደለም፤ ስፍራ ስላነሰው።

ድንጋይ ለቀምኩና ከደጃፍ፣ ከጭቃ፣
ከውስጥ ወደ ውጭ መታኋት፦ ቋ! ቋ! ቋ!
ከጎረቤት ጎጆ እማሆይ ኅሪት፣
«ምን ትቀጠቅጫለሽ አንቺ ሴት፣ በሌሊት?»
«ቂጧ ገብቶ ነው» አልኩ፣ «ወደ ስፍራው ላወጣው።»
የሳቁ መሰለኝ። «ቀስ ብለሽ ምቺው፤
አሮጌ ቆርቆሮ ሲያቃኑት ነው የሚሰነጠቅ።»
እንዳሉትም ሆነ፤ እንደ ፀጉር ቀጭን ስንጥቅ።

አባቴ በወጣትነቱ ኑግ ሊሸጥ ወደ እስቴ ሲወርድ፣
ሰባራ ድልድይ ላይ ያሻገሩት በገመድ፣
ዓባይ ከሥሩ እየጮኸ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
«ስሙ ሰባራ ነው» ይለን ነበር፣ «እኔ ግን ተሻገርኩ።»
ያችን ቃል እያሰብኩ ጣሳዬን አቅፌ አደርኩ።

ጠዋት ከጸበሉ ቀዳሁባት፤ ብዙ ያዘች፣
እስከ ጎጆዬ ግን ጠብ እያለች መጣች።
ሙሉ ሆንኩ አልልም፤ ሙሉ ምን እንደሆን አላውቅም፤
ትንፋሼ ግን ወርዶ ሆዴን ይነካል፣
እንደ ድሮው ደረቴ ላይ አይቆምም።

ቅዳሜ ሞጣ ነኝ። ሰው ይጋፋል፣ ጭቃው ተረግጧል።
ሃያ ሁለት ዓመት ስንት እፍኝ ይሆናል?
ልቁጠር ስል ቁጥሩ ከጣቶቼ ያልፋል።
«ምነው?» አለኝ አንሙት፣ «ጣሳሽ ዛሬ ጠለቀች!»
አፌ ተያያዘ፤ ጆሮዬ ግን ጋለች።
እነግረዋለሁ። ዛሬ ግን አልቻልኩም።
ከረጢቱን ዘርግቶ ይጠብቀኛል።
ጤፍ ደቃቅ ነውና በስንጥቋ እንዳይወርድ፣
አውራ ጣቴን ከሥር ደግፌ እሰፍራለሁ፣
እጄ እስኪለምድ።