ባልበላበት የሚጮኽ

ሽማግሌው ኤይኖ መጦሪያ ቤት ሊገባ ዕቃውን ሲሸክፍ፣
አንድ ገመድ ሰጠኝ፤ ቀይ ውሻ ታስሯል ከገመዱ ጫፍ።
ጆሮው እንደ ጦር ቀጥ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ እንደ ቀለበት፣
ቁመቱ ከጉልበት፤ ዐይኑ ግን ሽቅብ ነው፣
አንድ ነገር ዛፍ ላይ እንደ ጠፋበት።

«ፊኒሽ ስፒትዝ ነው» አለኝ፤
«ስሙ ቱሊ፤ በእኛ አፍ እሳት ማለት።
ሥራው ወፍ መጠቆም፣ በጩኸት ብቻ ነው።
እስክትመጣ ይጮኻል። ሲጠራህ አትቅርበት።»

እኔ የሌሊት አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ በተንደር ቤይ ከተማ፤
ቀን ነው የምተኛው፣ በመጋረጃ ሠርቼ ጨለማ።
ቱሊ ግን ቀን አያውቅ፣ ፈረቃ አያውቅ፤
ሽኮኮ ካየማ፣ እንኳን የእኔ እንቅልፍ፣ የሐይቁም በረዶ ሊሰነጠቅ።

ልጄ ውዳሴ ቆጠረችለት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ይዛ ሰዓት፤
በደቂቃ ውስጥ መቶ ሠላሳ ስምንት።
«ያለ ትንፋሽ!» ትላለች፣ እንደ ፈተና ውጤቷ ኮርታበት።

ቀኝ ጎረቤት ሚስ ዶሪን ማስታወሻ ለጠፈች በራችን ላይ፤
ግራ ጎረቤት ምንም አላለ፣ መስኮቱን ዘጋ እንጂ በሐምሌ ፀሐይ።
ባለቤቴ አዜብ «ወይ አሠልጥነው ወይ መልሰው» አለች፤
በማግስቱ ከሣህኗ የዓሣ ቆዳ ስትጥልለት ተያዘች።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ነበር እኔ የማውቀው፤
ይኼ ግን ባልበላበት ነው የሚጮኸው።
ባዶ ዛፍ ሥር። የመብራት እንጨት ሥር።
የዶሪን ጣራ ላይ ነፋስ የምታሳይ የቆርቆሮ ዶሮ አለች፤
እሷን ሁለት ሰዓት።
አንዴም እኔን፤ መሰላል ላይ ወጥቼ አሸንዳ ስጠርግ በጥቅምት፣
ከሥሬ ቆሞ፣ እንደ ትልቅ ወፍ
አወጀኝ ለመንደርተኛው፣ ያለ ምሕረት።
መውረድ አፈርሁ። ብበርለት ደስ ባለው።

በኅዳር አንድ ጧት፣ ከሥራ ገብቼ ካፖርቴን ሳልፈታ፣
ጀመረ። ከጓሮ። ያለ ፋታ።
ስልኩን አነሣሁ፤ ኤይኖን «ሌላ ሰው ፈልግለት» ልለው፤
ሰላምታም ሳልጨርስ፣ «ቆይ፣ ዝም በል» አለኝ፤
«ስልኩን ወደ መስኮት አድርገው።»
አደረግሁ። ሽማግሌው ከመጦሪያው አልጋ
አዳመጠ፣ አዳመጠ፣ ትንፋሹ እንኳ ረጋ።
«ሽኮኮ አይደለም» አለ። «ለሽኮኮ እንዲህ አይጮኽም።
ወፍ ነው። አንተ ቤት ውስጥ ምን ታደርጋለህ?»

መልስ አጣሁ። በነጠላ ጫማ ወጣሁ፣ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት።
ከጥዱ ሥር ቱሊ፤ በነጭ መሬት ላይ የተረሳ እሳት።
ወደ ላይ ያያል። ወደ እኔ። ወደ ላይ። ከዚያ ወደ እጄ።
ስልክና የአውቶቡስ ቁልፍ ብቻ። ጠመንጃ የለኝም፣ ይቅርታ ልጄ።

ቀና አልሁ። ሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ግራጫና ቡናማ፣
ቆቅ የምትመስል፣ ከቆቅ የምትወፍር፣
ዐይኗን ቱሊ ላይ ተክላ፣ እኔን ከቁም ነገር ሳትቆጥር።

«አየኋት» አልሁት፣ በአማርኛ።
ዝም አለ።
እንዲህ በአንዴ፣ ሞተሩ እንደ ጠፋ መኪና።
ተቀመጠ። የጅራቱ ቀለበት ተፈታ።
ለካ «እስክትመጣ» ነው ያለኝ ሽማግሌው፤
እስክትተኩስ አላለም።

«ስንት ናቸው?» አለ ኪሴ፤ ስልኩን ሳልዘጋው ረስቼ።
«አንድ» አልሁ። «ጅራቷስ?» በሃምሳ ዓመቴ
ስለ ወፍ ጅራት ለማንም አውርቼ
አላውቅም። ጀመርሁ። እግሬ ደነዘዘ፣ ዶሪን በመጋረጃዋ ታያለች፤
«እንደ ማራገቢያ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር መስመር…» ስል በረረች።

ቱሊ እስከ አጥሩ ሸኛት። ተመለሰ። ተረከዜን አሸተተ።
ከዚያ የቆርቆሮዋ ዶሮ ትዝ አለችው፤
እንደ ገና ጀመረ።
«ይኼስ?» አልሁ።
«ሂድ፣ እሷንም እያት» አለ ኤይኖ፤ ሳቁ ኪሴን ሞላው።